ለዓይን የተገዙ የፍሬን ዲስኮች

ጓክ ዶንግሱ ቤቱ ውስጥ የሚያናግረው የሩዝ ማብሰያው ብቻ ነው። ሩዙ ሲበስል አንዲት ሴት ከማሽኑ ውስጥ፣ «ጣፋጭ ሩዝዎ ደርሷል፤ እባክዎ በደንብ ያማስሉት» ትላለች። ዶንግሱም፣ «እሺ እመቤቴ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ይመልስላታል። መጀመሪያ ላይ ለቀልድ ነበር። ኋላ ልማድ ሆነበት፤ አሁን አንድ ቀን ሳይመልስላት ቢቀር ነውር የሠራ ይመስለዋል።

ሴኡል ውስጥ እንደሱ ያለውን ሰው «የዝይ አባት» ይሉታል። ልጅ እንግሊዝኛ ይማር ተብሎ እናትና ልጅ ባህር ማዶ ይሄዳሉ፤ አባት እዚሁ ቀርቶ እየሠራ ይልካል፤ በዓመት አንዴ እንደ ዝይ በርሮ ሄዶ ዓይናቸውን አይቶ ይመለሳል። ለአውሮፕላን የሚሆን ሲያጣ ደግሞ ስሙ ይለወጣል። መብረር የማይችል ወፍ ነውና «ፔንግዊን አባት» ይባላል። ሰው እንዲህ ነው፤ ለሌላው መከራ ስም ለማውጣት ማን ብሎት! ዶንግሱ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ዝይ ሆኖ አሳለፈ። የሚሠራበት የሊፍት ኩባንያ ሰው ሲቀንስ ከቢሮ ወደ ጥገና ክፍል ወረደና ፔንግዊን ሆነ። ሚስቱና ልጁ ቶሮንቶ፣ እሱ አንዲት ክፍል ውስጥ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ አይደል?

ልጁ ዩቻን ሲሄድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቶታል። በስልክ ይተያያሉ እንጂ ፊት ለፊት ከተገናኙ አምስት ዓመት አለፈ። በስልኩም ቢሆን ወሬያቸው አይረዝምም። «በላህ?» «በላሁ።» «ብርድ ነው?» «ብርድ ነው።» ከዚያ ዶንግሱ ስልኩን ዘግቶ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይቀራል። ቀን ሙሉ ያጠራቀመውን ወሬ፣ ልጁ ስልኩ ላይ ብቅ ሲል ይረሳዋል።

የቼሪው አበባ ረግፎ ባለቀ ሰሞን ሚስቱ ደወለች።

«ዩቻንን ሁለት ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎታል» አለችው። «አንዱ እዚህ ቶሮንቶ፣ አንዱ እዚያ ሴኡል። ሐምሌ ላይ ይመጣና አይቶ ራሱ ይወስን ብያለሁ።»

«እዚህ? እኔ ጋ ሊኖር?»

«አይቶ ይወስን ነው ያልኩት፣ የዩቻን አባት። ደሞ ከአሁኑ መንደርደር እንዳትጀምር!»

አትንደርደር ትበለው እንጂ የሱ ልብ ስልኩ ሳይዘጋ ቶሮንቶ ደርሶ ልጁን ይዞት ተመልሷል። ልጁ ሴኡልን ከመረጠ አብረው ይኖራሉ። አብረው ይበላሉ። በር ሲከፈት «መጣህ?» የሚል ሰው ይኖራል። ዶንግሱ ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ቀጥሎ ግን ዙሪያውን ተመለከተና ልቡ ደነገጠ። ልጁ መጥቶ የሚያየው ምን አለ? አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ማውራት የሚችል ድስት፣ እና መኪናዋ።

መኪናዋ! አፓርታማውን ሲሸጥ እሷን አልሸጠም። ዩቻን በልጅነቱ መኪና ወዳድ ነበር፤ ያውም ሌላው ሰው የማያየውን ነበር የሚያየው። ቅዳሜ ቅዳሜ አባትና ልጅ አስፓልት ዳር ተቀምጠው አይስክሬም እየላሱ የሚያልፈውን መኪና ቸርኬ ይቆጥሩ ነበር። ከቸርኬው ኋላ ያለው የፍሬን ዲስክ የተበሳሳ ከሆነ ዩቻን እየዘለለ፣ «አባዬ! ቀዳዳ ያለው! አየኸው? የውድድር መኪና ነው!» ይላል። ከዚያ ወደ ራሳቸው መኪና ሄዶ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «የኛ ለምን ቀዳዳ የለውም?» ይላል። ዶንግሱም «ስታድግ እገዛልሃለሁ» ይለዋል። አባት መቼም አፉ አያርፍም።

እንደ ዕድል ሆኖ የዚያኑ ወር መኪናዋ ለምርመራ ስትገባ የፊት ዲስኮቿ ተበልተው አልቀዋል ተባለ። ዶንግሱ ይሄን የሰማይ ምልክት አድርጎ ወሰደውና ወደ ጃንጋንፒዮንግ የመለዋወጫ ገበያ ሄደ። እዚያ ደንበኛው ፒዮ የሚባል ዕቃ የሚሸጥም የሚገጥምም ሽማግሌ ነው። አፉ እንደ ምላጭ የሰላ፣ እጁ ግን የታመነ።

«መጣህ አንተ ሊፍት! ዛሬ ወደ ላይ ነህ ወደ ታች?» አለው ፒዮ።

«ወደ ላይ ነኝ ጋሼ፣ ወደ ላይ! ልጄ ሊመጣ ነው።»

«አትለኝም! ያ ትንሹ?»

«ትንሽ አይደለም አሁን፤ ከኔ በጭንቅላት ይበልጣል። የፊት ዲስክ ፈልጌ ነው።»

ፒዮ ከመደርደሪያው አንድ ዲስክ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ዷ አድርጎ አስቀመጠው። ግራጫ፣ ከባድ፣ ዓይን የማይስብ ብረት። ዶንግሱ ግን ዓይኑ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። እዚያ የተሰቀለው መሃሉ ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ ፊቱ ላይ ሰንበር የወጣለት፣ ከዳር እስከ ዳር በቀዳዳ ያጌጠ ነው።

«ያኛውስ?»

«ያኛው ሙሽራ ነው» አለ ፒዮ። «የሚታይ ነው እንጂ የሚሠራ አይደለም።»

«ቀዳዳው ሙቀት ያወጣል ይባል የለ?»

«ይባላል! የውድድሩ ዕቃ ቀዳዳ አለው፤ ግን እሱ ከመነሻው ታስቦበት፣ ከጥሩ ብረት የተሠራ ነው። ይሄ ተራ ብረት በስተው ቀለም ያለበሱት ነው። ሙቀት ሲበዛበት ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይሰነጠቃል። የምሸጠው መኪናቸውን ለፎቶ ለሚያቆሙ ጎረምሶች ነው። አንተ ጎረምሳ ነህ? እስቲ ፀጉርህን በመስታወት እየው።»

«ጋሼ፣ እኔ እንደሁ ከተማ ውስጥ ነው የምነዳው።»

«ቁልቁለት አትወርድም?»

«ቁልቁለት ከየት አመጣለሁ?»

ይሄን ሲል ሆዱ ውስጥ የባህር ዳርቻዋ ከተማ የጋንግኑንግ መንገድ ተዘርግቶ ነበር። ልጁን ወደ ምሥራቁ ባህር ሊወስደው ካሰበ ሰንብቷል፤ ያውም በዋሻ በዋሻ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ሳይሆን በዴግዋልዮንግ ተራራ እየተጠማዘዘ በሚወርደው በድሮው መንገድ። እንግዲህ አስቡት! ቀኑን ሙሉ የሊፍት ፍሬን ሲመረምር የሚውል ሰው ነው። አንድ የሕንፃ ባለቤት መጥቶ «ለዓይን የሚያምር የሊፍት ፍሬን ግጠምልኝ» ቢለው በጥፊ ነበር የሚለው። የራሱ ጉዳይ ሲሆን ግን ዓይኑም ጆሮውም ተደፈነ። ልጅ የናፈቀው ሰው ምን ይመከራል?

«ሙሽራዋን ስጠኝ» አለ።

ፒዮ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ ግድግዳው ላይ ያለውን አወረደ። «ለልጅህ ስትል ነው አይደል? ይሁና። እኔ ግን ነግሬሃለሁ።»

ዲስኮቹ ተገጠሙ። ዶንግሱ ቸርኬውን በሳሙና አጥቦ፣ መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ ወርቃማው ዲስክ በደንብ እንዲታይ አድርጎ ፎቶ አነሳና ለዩቻን ላከ። መልእክት እስኪነበብ ድረስ አጠገቡ ትንሽ የአንድ ቁጥር ትቆማለች። ያቺ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ቆመች። ዶንግሱ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ስልኩን ያያል፤ አለች። ምሳ ላይ ያያል፤ አለች። ማታ ጠፋችና አንድ አውራ ጣት የሚያሳይ ሥዕል መጣ። ሌላ ቃል የለም። እሱ ግን ለዚያች አውራ ጣት ስንት ትርጉም ሰጣት!

ሐምሌ ደረሰ። ኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ረጅም ጎረምሳ ሻንጣ እየጎተተ መጥቶ ፊቱ ቆመና ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሳው።

«ደህና ነዎት አባዬ?»

እርስዎ! ስምንት ዓመቱ ላይ «አንተ አባዬ፣ እዘለኝ» ይል የነበረ ልጅ። እናቱ ጨዋ አድርጋ አሳድጋዋለች፤ ይሄ ያስመሰግናታል። ዶንግሱ ግን ያቺ «ነዎት» አንጀቱ ላይ አረፈችበት። ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ፤ ልጁ ሊጨብጠው መስሎት እጁን ሰጠው፤ ግማሽ ተቃቀፉ፣ ግማሽ ተጨባበጡ።

መኪና ማቆሚያው ላይ መኪናዋ መሪዋ እስከ ጥግ ዞሮ፣ የፊት ጎማዋ ወደ ውጭ አፍጥጦ ትጠብቃለች። ዩቻን ሻንጣውን ጭኖ በቀጥታ ገብቶ ተቀመጠ። ዶንግሱ መሐረቡን አውጥቶ ንጹሑን ቸርኬ መጥረግ ጀመረ። ጠረገ፣ ጠረገ።

«አባዬ፣ እንሂድ?» አለ ልጁ በመስኮት።

«እንሂድ፣ እንሂድ» አለ ዶንግሱ። ድካም ነው፣ ከረጅም በረራ የመጣ ልጅ ምን ያያል ብሎ ራሱን አጽናና።

ሳምንቱ እንዲሁ አለቀ። ዩኒቨርሲቲውን አሳየው፤ ልጁ «ጥሩ ነው» አለ። የበሬ ሥጋ ጋበዘው፤ «ይጣፍጣል» አለ። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ፍራሽ አንጥፈው ተኙ፤ ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስልኩን ሲነካካ ያመሻል። ዶንግሱ ብቻውን በነበረ ጊዜ ክፍሉ እንዲህ ጭር ብሎበት አያውቅም። «ወደድከው? እዚህ ትቀራለህ?» ብሎ መጠየቅ ፈለገ፤ ፈራ። ባህሩን ሲያይ ይሻለዋል አለ። መንገዱንና መኪናዋን ሲያይ ያ የድሮው ልጅ ይመለሳል አለ። ከሄዱ በኋላ ደግሞ የመኪናዋን ቁልፍ ባህሩ ዳር ሊሰጠው ቆርጧል። «ያንተ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ትመላለስባት» ይለዋል።

ተራራው አናት ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከታች ባህሩ በሩቅ ይታያል። ቁልቁለቱ ጀመረ። አንድ መታጠፊያ፣ ሌላ መታጠፊያ። ዶንግሱ የመንዳት ችሎታውን ለማሳየት ፍሬኑን ትንሽ ለቀቅ፣ መታጠፊያው ላይ ረገጥ እያደረገ ወረደ። ጥቂት እንደሄዱ መሪው እጁ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠበቅ አድርጎ ያዘው። ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ሸተተ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ነው» አለ ዶንግሱ። ከፊታቸው የጭነት መኪና አልነበረም።

የሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ፍሬኑን ሲረግጥ ፔዳሉ እግሩ ጭቃ የረገጠ ያህል ስምጥ አለ። መኪናዋ አልቆመችም። ደግሞ ረገጠ። ከታች ብረት ከብረት ሲፋጭ ተሰማ፤ የመታጠፊያው አጥር ወደ እነሱ መጣ።

«እማዬ!» ብሎ ጮኸ ዩቻን። «እማዬ!»

ዶንግሱ ማርሹን ቀነሰ፣ ሞተሩ ጮኸ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳበ፤ ከመንገዱ ዳር ጠጠር የተደፋበት ሰፊ ቦታ አየና መኪናዋን እዚያ ላይ ነዳት። ጠጠሩ ጎማዎቹን ዋጣቸው። አጥሩ ክንድ ሲቀረው ቆሙ። ሁለቱም ተርፈዋል፤ ጭረት እንኳ የለባቸውም። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል።

ዶንግሱ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ጆሮው ውስጥ የቀረው የፍሬኑ ድምፅ ሳይሆን የልጁ ጩኸት ነበር። ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ሞት ሲመጣ የጠራው ውቅያኖስ ማዶ ያለችውን እናቱን ነው። ይፈረድበታል? አይፈረድበትም። ማንም ሰው የሚጠራው የኖረበትን ሰው ነው። ዶንግሱ ይሄን ያውቃል፤ ማወቁ ግን ምንም አልረዳውም።

ወርደው መኪናዋ እስክትበርድ ቆሙ። ዩቻን ጎንበስ ብሎ ዲስኩን አየው። ከመጣ ጀምሮ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ወርቃማው ቀለም ጠቁሯል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ተጋድሟል።

«ተሰንጥቋል አባዬ። ምን ዓይነት ዕቃ ነው ይሄ?»

«ፒዮ ነግሮኝ ነበር» አለ ዶንግሱ። «ደህናውን አስቀምጦልኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

«ለምን?»

«ደስ እንዲልህ ብዬ ነዋ።»

«እኔን?»

«ቀዳዳ ያለው ትወድ ነበር። አስፓልት ዳር ተቀምጠን ስንቆጥር… አይስክሬም ስንበላ… ስታድግ እገዛልሃለሁ ብዬህ ነበር።»

ዩቻን ፊቱን አኮማትሮ አሰበ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ከልቡ ነው የፈለገው። «አላስታውስም አባዬ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይቅርታ። አይስክሬሙንም አላስታውስም።»

ዶንግሱ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ምን ይቅርታ አለው? ሕፃን ነበርክ እኮ።»

«አባዬ፣ የምነግርዎ ነገር አለ።»

«ነገ ደህናውን አስገጥማለሁ» አለ ዶንግሱ በችኮላ። ምን እንደሚመጣ ገብቶታል። «ፒዮ ጋ አለ፣ አይቼዋለሁ፣ ከባድ ብረት ነው። እሱ ከገባ በኋላ ከዚህ የባሰ ቁልቁለት ብትወርድባት አታሳስብም። አንተ ራስህ ትነዳታለህ፣ እንዲያውም ቁልፉን…»

«የፍሬኑ ነገር አይደለም» አለ ዩቻን። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እዚያው ነው የምማረው። ከመምጣቴ በፊት ነው የወሰንኩት። እማዬ በስልክ ልንገረው ስትል፣ አይሆንም፣ ራሴ ሄጄ ፊት ለፊት ነው የምነግረው አልኳት። ከአውሮፕላን እንደወረድኩ ልነግርዎ ነበር። እርስዎ ግን በጣም ደስ ብሎዎት ነበር፤ ቸርኬውን ሲጠርጉ… አልቻልኩም።»

አይቶታል ለካ!

«እዚህ ማንንም አላውቅም አባዬ።»

«እኔን ታውቀኛለህ» ሊለው አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋው፤ ውሸት ይሆንብኛል ብሎ ፈራ። «ጎበዝ» አለ በምትኩ። «መጥተህ መንገርህ የወንድ ነው። ጎበዝ ልጅ።»

ጥፋቱ የዲስኩ በሆነና ምንኛ በወደደ! ዲስክ ይፈታል፣ ይጣላል፣ ሌላ ይገባል። መኪና ጎታቹ መጥቶ ሦስቱ ጋቢና ውስጥ ተጣበው ሲወርዱ ዶንግሱ ይሄንኑ ሲያመላልስ ነበር። ደህናውን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ይል ነበር፣ ልጁ ቁርጡን ነግሮት ሳለ። ባህሩ ዳር ደርሰው አዩት። ዩቻን «ያምራል» አለ።

ልጁ ቀኑ ሲደርስ ወደ ቶሮንቶ ተመለሰ። ሲለያዩ ግን በሙሉ ነው ያቀፈው፤ ረጅም ስለሆነ አገጩ የአባቱ ጭንቅላት ላይ አረፈ። «ይደውሉልኝ» አለው።

በማግስቱ ዶንግሱ መኪናዋን በጎታች አስይዞ ፒዮ ጋ ደረሰ። ፒዮ ዲስኩን አውልቆ ስንጥቁን በጥፍሩ እየዳሰሰ አየና በሽማግሌ ቁጣ ነደደ።

«ቁልቁለት ከየት አመጣለሁ ያልከኝ አንተ አይደለህም? ልጁን ይዘህ ነው የወረድከው? ኧረ ስንት ሞኝ አለ! ተርፋችኋል?»

«ተርፈናል ጋሼ። ደህናውን ግጠምልኝ።»

«አሁን ነው ልብ የገዛኸው! ቆይ፣ ቆይ…» ፒዮ መፍቻውን እንደያዘ ቀና አለ። ዶንግሱን ብቻውን በሚነዳት ጊዜ መኪናዋ እንዲህ አሳስባው አታውቅም። ሽማግሌው ፊቱ በራ። «ገባኝ! ልጁ ቀረ! ልጁ ሊነዳት ነው! እሱን ብለህ ነው አይደል ደህናውን?»

ዶንግሱ «አይደለም» ሊል ነበር። ፒዮ ግን በቆሸሸ እጁ ትከሻውን ይዞ ይነቀንቀዋል፤ የሱ ልጅ የተመለሰለት ያህል ጥርሱ አልከደን ብሏል። ሰው እንዲህ ደስ ብሎት ዶንግሱን ከያዘው ስንት ጊዜ ሆነ? ሆድ ይፍጀው ብሎ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ሰማችሁ!» ብሎ ጮኸ ፒዮ ወደ ጎረቤት ሱቆች። «የዶንግሱ ልጅ ቀረ! አብሮት ሊኖር ነው!»

ባትሪ የምትሸጠው ሴትዮ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። የመስታወት ጠጋኙም መጣ። እዚያ ገበያ ደስታ ያገኘ ሰው ይጋብዛል፤ ልጁ ፈተና ያለፈለትም፣ ሚስቱ የወለደችለትም አያመልጥም።

«ምሳ ባንተ ነው!» አለችው ሴትዮዋ። «ዛሬ አታመልጠንም!»

«በኔ ነው፣ በኔ ነው» አለ ዶንግሱ።

ሾርባ ቤት ገብተው አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። የአጥንት ሾርባ መጣ፣ ሶጁ የሚሉት አረቄ መጣ። አንዱ ይቀዳለታል፣ ሌላው በርበሬ የበዛበትን የጎመን ኪምቺ ወደሱ ይገፋል፤ ሴትዮዋ «ብላ እንጂ፣ ከስተሃል፤ አሁን ልጅ አለህ፣ ጉልበት ያስፈልግሃል» እያለች ከራሷ ሥጋ ታወጣለታለች። ፒዮ የቁልቁለቱን ታሪክ ራሱ እንደ ነበረበት አድርጎ እያጋነነ ያወራል። ዶንግሱም ሳቀ። ከልቡ ሳቀ።

«መቼ ታመጣዋለህ ታዲያ? እንየው እንጂ!» አለችው ሴትዮዋ።

ዶንግሱ አፉ ውስጥ ያለውን ሩዝ አላምጦ እስኪውጥ ጊዜ ወሰደ።

«እሁድ» አለ። «እሁድ ይዤው እመጣለሁ።»

«እሁድ እኮ ዝግ ነን፣ አንተ ሰውዬ!» አለ ፒዮ እየሳቀ።

«እንግዲያው ሰኞ» አለ ዶንግሱ፤ ለሁሉም ሾርባ ይጨመር ብሎ አስተናጋጇን ጠራ።